የአብዮት በዓል ሰልፎች (አዲስ አበባ)

የአብዮት በዓል ሰልፎች የሚባሉት ከ1967 እስከ 1983 ዓ.ም. ኢትዮጵያን የገዛው ወታደራዊ መንግሥት በአዲስ አበባ ያካሂዳቸው የነበሩ የወታደርና የሕዝብ ሰልፎች፣ የኪነት ትርዒቶችና የፖለቲካ ሥነ ሥርዓቶች ናቸው። ዋናው የሰልፍ ቀን መስከረም 2 ሲሆን ይህም ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከሥልጣን የወረዱበት ዕለት ነው። ዋናው ስፍራ ደግሞ በዚያን ጊዜ አብዮት አደባባይ ይባል የነበረው የዛሬው መስቀል አደባባይ ነው። ከሰልፎቹ ሁሉ ትልቁ የተካሄደው መስከረም 2 ቀን 1977 ዓ.ም. የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ሲከበር ነው። በዓሉ በሰሜን ኢትዮጵያ ብዙ ሕዝብ በረሃብ ያልቅ ከነበረበት ወቅት ጋር በመገጣጠሙ የዘመኑን ታሪክ ከሚያጠኑ ሰዎች አእምሮ አይጠፋም። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ቀኖች፣ ሌላ ካልተገለጸ በስተቀር፣ በኢትዮጵያ የዘመን አቆጣጠር ናቸው።

ስፍራው

መስቀል አደባባይ ከቦሌ የሚመጣው መንገድ መሀል ከተማውን የሚገናኝበት ሰፊ ሜዳ ነው። በዛሬው አከላለል የሚገኘው በቂርቆስ ክፍለ ከተማ ሲሆን የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያንና የአዲስ አበባ ስታዲየም በአቅራቢያው ይገኛሉ። ከአደባባዩ ወደ ደቡብ ምሥራቅ የሚሄደው የቦሌ መንገድ (በይፋዊ ስሙ አፍሪካ ጎዳና) በቀጥታ እስከ ዓለም አቀፉ አየር ማረፊያ ይደርሳል። ወደ ሰሜን የሚወጣው ዳግማዊ ምኒልክ ጎዳና ደግሞ በአፍሪካ አዳራሽ በኩል አድርጎ ወደ ቤተ መንግሥቱ ያመራል።

አደባባዩ ለመንግሥት ሰልፍ እንዲመረጥ ይህ አቀማመጡ ትልቅ ምክንያት ሆኗል። ከውጭ አገር የሚመጣ እንግዳ ከአውሮፕላን ወርዶ ወደ ቤተ መንግሥት ወይም ወደ ሆቴል ለመሄድ በቦሌ መንገድ ማለፍና አደባባዩን ማየት ነበረበት። በመሆኑም መንገዱ በባንዲራ፣ በመፈክርና በመሪዎች ሥዕል የሚያሸበርቅ የእንግዳ መቀበያ ነበር። መሪዎች በሚመጡበት ዕለት ተማሪዎችና የቀበሌ ነዋሪዎች በመንገዱ ግራና ቀኝ ተሰልፈው ባንዲራ እያውለበለቡ ይቀበሉ ነበር።

አደባባዩ የመስቀል ደመራ ከሚበራባቸው ስፍራዎች አንዱ ስለነበረ ስሙን ያገኘው ከበዓሉ ነው። ከ1967 ዓ.ም. በኋላ አብዮት አደባባይ ተባለ። በደርግ ዘመን የአደባባዩ ቅርጽ ለትልልቅ ሰልፎች እንዲመች ሆኖ ሲታደስ፣ በዚያን ጊዜ በአዲስ አበባ የከተማ ፕላን ሥራ ላይ የነበረው የሃንጋሪው አርክቴክት ቻርልስ ፖሎኒ በንድፉ ተሳትፏል። ደረጃ በደረጃ እየከፈተ የሚሄደው የመቀመጫ ቦታና ከፊቱ ያለው ሰፊ የሰልፍ መንገድ ሕዝቡ ሰልፉን፣ መሪዎቹም ሕዝቡን እንዲያዩ ያስችሉ ነበር። የማርክስ፣ የኤንግልስና የሌኒን ግዙፍ ሥዕሎችም በአደባባዩ ላይ ቆመው ነበር።

ከደርግ በፊት የነበሩ መንግሥታዊ ትርዒቶች

ሥልጣንን በአደባባይ ሥነ ሥርዓት ማሳየት በኢትዮጵያ በደርግ አልተጀመረም። የጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. የዘውድ በዓል የውጭ አገር መንግሥታት ልዑካን የተገኙበትና የዓለም ጋዜጦች በሰፊው የዘገቡት ትርዒት ነበር። በ1948 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ 25ኛ የዘውድ ዓመት ኢዮቤልዩ ሲከበር የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ታውጇል። የወታደር ሰልፍ፣ የፈረስ ጉግሥና የጥምቀት በዓል የሚታዩበት ጃንሜዳም የንጉሣዊው ዘመን ዋና የትርዒት ሜዳ ነበር።

በሁለቱ ዘመናት መካከል ያለው ልዩነት በተመልካቹ ድርሻ ላይ ነው። በንጉሡ ዘመን ሕዝቡ በአብዛኛው ቆሞ የሚያይ፣ እጅ የሚነሣና እልል የሚል ነበር። ደርግ ግን ሕዝቡ ራሱ በየማኅበሩና በየቀበሌው ተደራጅቶ እንዲሰለፍ፣ መፈክር እንዲያሰማና ትርዒቱ ውስጥ እንዲገባ ይጠይቅ ነበር። በዚህ አሠራር ዝም ብሎ መመልከት እንኳ እንደ ተቃውሞ ሊቆጠር የሚችል ሆነ።

ሥልጣን መያዝና የረሃቡ ፊልም

ደርግ ሥልጣን የያዘው ራሱ በትርዒት ታግዞ ነው። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎ የደረሰው ረሃብ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ገድሏል። የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ችግሩን ለመደበቅ በመሞከሩም ብርቱ ወቀሳ ደርሶበታል። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ በወሎ ያነሣው ፊልም በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ከታየ በኋላ ጉዳዩ በዓለም ታወቀ።

መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ በዘመን መለወጫ ዕለት ማታ፣ ይኸው ፊልም የቤተ መንግሥቱን ድግስና የመሳፍንቱን ምቾት ከሚያሳዩ ምስሎች ጋር ተቀላቅሎ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ቀረበ። የሚራቡ ሕፃናት ምስል ካለፈ በኋላ የግብር አዳራሽ ምስል ይከተል ነበር። በማግስቱ ጠዋት የደርግ መልእክተኞች ወደ ቤተ መንግሥት ሄደው ከሥልጣን መውረዳቸውን ለንጉሠ ነገሥቱ አነበቡላቸው። ከዚያም በቮልስዋገን መኪና አሳፍረው ወሰዷቸው።

በዚህ መንገድ የአዲሱ ሥርዓት የመጀመሪያው ክርክር በድግስና በረሃብ ንጽጽር ላይ ቆመ፤ ሕዝብ እየተራበ የሚደግስ መንግሥት የመግዛት መብት የለውም የሚል ነበር። ከአሥር ዓመት በኋላ ደርግን የከሰሰውም ይኸው ንጽጽር ነው።

የበዓላት ቀን መቁጠሪያ ለውጥ

ደርግ የአገሪቱን ታሪክ በአዲስ መልክ ለማስተማር በዓላትን መለወጥ አስፈላጊ ሆኖ አግኝቶታል። መስከረም 2 የአብዮት ቀን ተብሎ ብሔራዊ በዓል ሆነ። የዓለም ሠራተኞች ቀን (ሚያዝያ 23) በከፍተኛ ሰልፍ መከበር ጀመረ። የንጉሠ ነገሥቱ ልደትና የዘውድ በዓል ቀሩ።

ከለውጦቹ መካከል ለታሪክ አተረጓጎም የተለየ ትርጉም ያለው የድል በዓል ቀን መቀየር ነው። በንጉሡ ዘመን ከኢጣሊያ ወረራ ነፃ የመውጣት በዓል የሚከበረው ሚያዝያ 27 ሲሆን ይህም ንጉሠ ነገሥቱ በ1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገቡበት ቀን ነው። ደርግ በዓሉን ወደ መጋቢት 28 አዛወረው። ይህም አዲስ አበባ ከኢጣሊያ እጅ የወጣችበት ቀን ነው። ድሉ እንዳለ ሆኖ ንጉሡ ከድሉ ውስጥ እንዲወጡ ተደረገ ማለት ነው። ደርግ ከወደቀ በኋላ በዓሉ ወደ ሚያዝያ 27 ተመልሷል። የዓድዋ ድል በዓል (የካቲት 23) ግን በሁሉም መንግሥታት ቀኑን ሳይለቅ ቆይቷል።

ከድጋፍ ሰልፍ ወደ ሽብር

የመጀመሪያዎቹ ሰልፎች ሁሉ የግዳጅ ነበሩ ማለት አይቻልም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትን የሕዝብ ያደረገው አዋጅ ሲታወጅ በአዲስ አበባ እጅግ ብዙ ሕዝብ ወጥቶ ደስታውን ገልጿል። ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» እያሉ ለዓመታት ሲጠይቁ የኖሩት ጥያቄ ስለሆነ ደስታው ከልብ የመጣ ነበር። ደርግ በኋላ በየዓመቱ ሊያስመስለው ይሞክር የነበረው የዚህን ዓይነቱን ዕለት ነው።

ሥልጣኑ ለማን ይገባል የሚለው ጥያቄ ሲነሣ ግን ሁኔታው ተለወጠ። በመስከረም 1968 ዓ.ም. በቦሌ አየር ማረፊያ የሠራተኛ ማኅበሩን የተቃውሞ ወረቀት ያሰራጩ በነበሩ የአየር መንገድ ሠራተኞች ላይ ወታደሮች ተኩሰው ሰዎች ተገድለዋል። ወዲያውም በከተማዋ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ሠራተኞች በራሳቸው ፈቃድ የሚሰበሰቡበትና የሚሰለፉበት ዘመን በዚህ አበቃ።

በሚያዝያ 1969 ዓ.ም. ሌተና ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በአብዮት አደባባይ ለተሰበሰበው ሕዝብ ንግግር ሲያደርጉ ደም የሚመስል ቀይ ፈሳሽ የተሞሉ ጠርሙሶችን መሬት ላይ ሰበሩ። ትርጉሙ የአብዮቱ ጠላቶች ደም እንደሚፈስ ማሳየት ነበር። ይህ ድርጊት የቀይ ሽብር ዘመን ምልክት ሆኖ ቀርቷል።

በዚያው ወር ሚያዝያ 21 ማታ፣ የዓለም ሠራተኞች ቀን ሊከበር ሁለት ቀን ሲቀረው፣ የኢሕአፓ ደጋፊ ወጣቶች ለራሳቸው ሰልፍ ሲዘጋጁ የመንግሥት ታጣቂዎች ከበው ፈጇቸው። በአንድ ሌሊት ወደ 500 የሚጠጉ ወጣቶች እንደተገደሉ ይገመታል። በቀይ ሽብር ወቅት የተገደሉ ሰዎች አስከሬን ጽሑፍ ተለጥፎበት በየመንገዱ ዳር ይጣል ነበር። በአደባባዩ ሰልፍ እየታየ በየሰፈሩ አስከሬን ይታይ ስለነበር የከተማው ነዋሪ ሁለቱን የማይነጣጠሉ አድርጎ ያስታውሳቸዋል።

የጦርነትና የድል ሰልፎች

ሰኔ 18 ቀን 1969 ዓ.ም. በታጠቅ ጦር ሰፈር የሠለጠነው የገበሬ ሚሊሺያ ሠራዊት በአብዮት አደባባይ ተሰለፈ። «የእናት ሀገር ጥሪ» በሚል ዘመቻ ከየክፍለ ሀገሩ የተሰበሰበው ይህ ሠራዊት ከአጭር ጊዜ ሥልጠና በኋላ ወደ ጦር ግንባር ሊዘምት የተዘጋጀ ነበር። በቀጣዩ ወር የሶማሊያ ጦር ኦጋዴንን ወረረ። በሶቪየት ኅብረት የጦር መሣሪያና በኩባ ወታደሮች የታገዘው የኢትዮጵያ ሠራዊት በየካቲት 1970 ዓ.ም. ጅጅጋን አስመለሰ።

መስከረም 2 ቀን 1971 ዓ.ም. የተከበረው አራተኛው የአብዮት በዓል ለዚህ ድል መታሰቢያ ሆነ። የኩባው መሪ ፊደል ካስትሮ በአብዮት አደባባይ ተገኝተው ሰልፉን ከመንግሥቱ ኃይለ ማርያም ጋር ተመለከቱ። ለብዙ ኢትዮጵያውያን የኦጋዴን ድል እውነተኛ የኩራት ምንጭ ነበር። መንግሥት ያን ስሜት ለአብዮቱና ለመሪው አገልግሎት ሲያውለው የአገር ፍቅርንና ለሥርዓቱ መታዘዝን አንድ አድርጎ ማቅረብ ቻለ።

የሰልፉ አደረጃጀት

በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ በአንድ ጠዋት አደባባይ ማውጣት የሚቻለው ነዋሪውን በቤት ቁጥር የሚያውቅ አደረጃጀት ሲኖር ነው። ይህን ሥራ የሚሠራው ቀበሌ ነበር። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ (አዋጅ ቁጥር 47/1967) የከተማ ነዋሪዎችን ማኅበራት አቋቋመ። ቀበሌዎች ቤት ያከራያሉ፣ መታወቂያ ይሰጣሉ፣ በኅብረት ሱቅ አማካይነት እንደ ስኳርና ሳሙና ያሉ ሸቀጦችን በራሽን ያከፋፍላሉ። ስለዚህ የቀበሌን ጥሪ ቸል ማለት የዕለት ኑሮን የሚነካ ነገር ነበር። ከሰልፍ የቀረ ሰው ለምን እንደቀረ ሊጠየቅ፣ «አድኃሪ» ሊባል ወይም ሊቀጣ ይችል ነበር።

ከቀበሌ ጎን በሙያ፣ በዕድሜና በጾታ የተደራጁ የብዙኃን ድርጅቶች ነበሩ። ሠራተኞች በመላው ኢትዮጵያ ሠራተኞች ማኅበር፣ ወጣቶች በአኢወማ፣ ሴቶች በአኢሴማ ሥር ይሰለፉ ነበር። ትምህርት ቤቶች ተማሪዎችን ለሰልፍና ለጅምናስቲክ ትርዒት ያሠለጥናሉ፤ ፋብሪካዎችና መሥሪያ ቤቶችም የየራሳቸውን ሰንደቅ ይዘው ይወጣሉ። በየቀበሌውና በየክፍለ ጦሩ የነበሩት የኪነት ቡድኖች የአብዮት መዝሙርና ጭፈራ ያቀርባሉ። ብዙ በኋላ የታወቁ ድምፃውያንና ተዋንያን ሙያቸውን የጀመሩት በእነዚህ ቡድኖች ውስጥ ነው።

ለመገናኛ ብዙኃንም በዓሉ የዓመቱ ትልቁ ሥራ ነበር። ሬዲዮው ሰልፉን በቀጥታ ያስተላልፋል፤ አዲስ ዘመን ጋዜጣ ገጾቹን በፎቶግራፍና በንግግር ይሞላል። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በቀለም ማሰራጨት የጀመረውም ከአሥረኛው የአብዮት በዓልና ከፓርቲው ምሥረታ ጋር በተያያዘ ነው።

አሥረኛው ዓመት፣ 1977 ዓ.ም.

ከ1972 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ የነበረው የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ አደራጅ ኮሚሽን (ኢሠፓአኮ) ተግባሩን የሚያጠናቅቀው የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ሲከበር እንዲሆን ተወሰነ። ለዚህም ዝግጅት ወራት ፈጀ። የፓርቲው ምሥረታ ጉባኤ የሚካሄድበት አዲስ አዳራሽ ተገነባ። በዋና ዋና መንገዶች ላይ ቅስቶች፣ ቀይ ኮከቦች፣ መፈክሮችና የመሪው ሥዕሎች ተተከሉ። ለመንገድ የቀረቡ የድሃ ሰፈሮች ከእንግዳ ዓይን እንዲሰወሩ በቆርቆሮ አጥር ተጋረዱ።

የከተማዋን ማስዋብ ሥራ በዋናነት የመሩት የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ነበሩ። መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ፒዮንግያንግን ጎብኝተው በዚያ ባዩት የሕዝብ ትርዒትና የከተማ አደረጃጀት በጣም እንደተደነቁ አብረዋቸው የሠሩ ባለሥልጣናት ጽፈዋል። የሰሜን ኮሪያ ስልት በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች እንደ አንድ አካል የሚንቀሳቀሱበት፣ ግለሰቡ ጠፍቶ ምስሉ ብቻ የሚታይበት ነው። በአዲስ አበባም ተሰላፊዎች እርምጃቸውንና መፈክራቸውን አስተካክለው እንዲያልፉ ለሳምንታት ልምምድ ያደርጉ ነበር።

ጉባኤው ከጳጉሜን 1 እስከ 5 ቀን 1976 ዓ.ም. ተካሂዶ የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ (ኢሠፓ) ተመሠረተ። መንግሥቱም ዋና ጸሐፊ ሆነው ተመረጡ። በጉባኤው ላይ ያቀረቡት ሪፖርት ሰዓታት የፈጀ ሲሆን በሰሜን ስለተስፋፋው ረሃብ እዚህ ግባ የሚባል ነገር አልተናገሩም። በበዓሉ ላይ የሶቪየት ኅብረትን ልዑካን የመሩት የፖሊት ቢሮ አባሉ ግሪጎሪ ሮማኖቭ ነበሩ። መስከረም 2 ቀን ሠራዊቱ፣ ታንኮቹና ሚሳኤሎቹ፣ ከዚያም የብዙኃን ድርጅቶች በአብዮት አደባባይ አለፉ።

የበዓሉ ጠቅላላ ወጪ በይፋ አልተገለጸም። በተለያዩ ጸሐፊዎች የቀረቡት ግምቶች ከ100 እስከ 200 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ይደርሳሉ።

በዓሉና ረሃቡ

የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን በመጋቢት 1976 ዓ.ም. ለለጋሽ አገሮች ባቀረበው ጥሪ ከ5 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ለረሃብ መጋለጡን አስታውቆ ነበር። ኮሚሽኑን ይመሩ የነበሩት ዳዊት ወልደ ጊዮርጊስ በኋላ አገር ጥለው ወጥተው በጻፉትና በአማርኛ «የደም ዕንባ» በሚል ርዕስ በሚታወቀው መጽሐፋቸው ከፍተኛ ባለሥልጣናት በዓሉ እስኪያልፍ ስለ ረሃቡ እንዲወራ እንዳልፈለጉ ገልጸዋል።

በእነዚያ ወራት የውጭ አገር ጋዜጠኞች ወደ ወሎና ትግራይ ለመሄድ ፈቃድ ይከለከሉ ነበር። ከሰሜን ወደ አዲስ አበባ የሚመጡ ረሃብተኞችም በመንገድ ላይ ኬላዎች እንዳይገቡ ይታገዱ ነበር። እህል የሚጠብቀው ሕዝብ በኮረምና በመቀሌ መጠለያዎች ሲሞት በዋና ከተማዋ የነበረው ጨዋታ ስለ አሥር ዓመት የአብዮት ድል ነበር።

በዓሉ ካለፈ ከስድስት ሳምንት ገደማ በኋላ፣ ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም.፣ ጋዜጠኛው ማይክል በርክና የካሜራ ባለሙያው ሞሐመድ አሚን በኮረም የሠሩት ዘገባ በቢቢሲ ቀረበ። ዘገባው በብዙ አገሮች ታይቶ ከፍተኛ የእርዳታ ዘመቻ አስነሣ። በጠቅላላው በረሃቡ የሞቱት ሰዎች ቁጥር ከ400,000 እስከ 1 ሚሊዮን እንደሚደርስ ይገመታል።

ረሃቡን ያመጣው በዓሉ አልነበረም። የዝናብ እጥረት፣ በሰሜን ይካሄድ የነበረው ጦርነት፣ የመንግሥት የእህል ግዢና የግብርና ፖሊሲ እንዲሁም የለጋሾች መዘግየት እያንዳንዳቸው ድርሻ ነበራቸው። በዓሉ ያስከተለው ጉዳት ጊዜ ማባከኑ ነው። እህል፣ መኪናና የመንግሥት ትኩረት ወደ ሰሜን መሄድ በነበረባቸው ወራት አገሪቱ ለዓለም የምታሳየው መልክ ሌላ እንዲሆን ተፈለገ። በመስከረም 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱን ለማውረድ የድግስና የረሃብ ምስል ያጣመረው መንግሥት በመስከረም 1977 ዓ.ም. ራሱ ያንኑ ምስል ፈጠረ።

ሐውልቶቹ

ሰልፍ በአንድ ቀን ያልቃል፤ ሐውልት ግን ይቆያል። ስለዚህ መንግሥት የበዓሉን መልእክት በድንጋይና በነሐስ ለማቆም ጥሯል።

የትግላችን ሐውልት በቸርችል ጎዳና አካባቢ ይገኛል። በሰሜን ኮሪያ እርዳታ የተሠራ ሲሆን የተመረቀው ለአሥረኛው የአብዮት በዓል ነው። በኦጋዴን ጦርነት ለወደቁ የኢትዮጵያና የኩባ ወታደሮች መታሰቢያ ነው። ከረጅሙ ዓምድ ግራና ቀኝ ያሉት የግድግዳ ቅርጾች የአብዮቱን ታሪክ እንደ ሥዕላዊ መጽሐፍ በተራ ይተርካሉ። ታሪኩ የሚጀምረው በንጉሡ ዘመን ከደረሰው ረሃብ ሲሆን በሕዝብ አመፅና በጦርነት አልፎ በድል ያበቃል። ሐውልቱ ሲመረቅ በግድግዳው ላይ የተቀረጸው ዓይነት ረሃብ በሰሜን ዳግመኛ ደርሶ ነበር።

የካርል ማርክስ ሐውልት በስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ አካባቢ ይገኛል። ከምሥራቅ ጀርመን የተበረከተ ነው።

የሌኒን ሐውልት በ1976 ዓ.ም. ከአፍሪካ አዳራሽ አቅራቢያ ቆመ። ሌኒን አንድ እግሩን አንሥቶ ሲራመድ የሚያሳይ ስለነበር የከተማው ሰው «ወደ ቦሌ እየሄደ ነው፤ አገር ሊለቅ ነው» እያለ ይቀልድበት ነበር። በአደባባይ መናገር በማይቻልበት ዘመን እንዲህ ያለው ቀልድ መንግሥት በምልክት ላይ የጻፈውን ትርጉም ሕዝቡ በራሱ ትርጉም የሚተካበት መንገድ ነበር።

የሰልፎቹ ፍጻሜ

የኢትዮጵያ ሕዝባዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ በመስከረም 1980 ዓ.ም. ሲመሠረት ሌላ ትልቅ በዓል ተካሂዷል። ከዚያ በኋላ ግን የጦርነቱ ሁኔታ እየከፋ ሄደ። በግንቦት 1981 ዓ.ም. የጦር መኮንኖች የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ አደረጉ፤ ብዙ ጄኔራሎችም ሕይወታቸውን አጡ። ሶቪየት ኅብረትም እርዳታዋን ቀነሰች። «ሁሉም ነገር ወደ ጦር ግንባር» የሚለው መፈክር ሰልፉን ከደስታ መግለጫነት ወደ ምልመላ ጥሪ ለወጠው። ልጁ በብሔራዊ ውትድርና እንዳይወሰድ የሚደብቅ ቤተሰብ ሰልፍ ለመውጣት የነበረው ፍላጎት ምን ያህል እንደሚሆን መገመት አያዳግትም።

መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. ከአገር ወጥተው ወደ ዚምባብዌ ሄዱ። ከሁለት ቀን በኋላ፣ ግንቦት 15፣ የሌኒን ሐውልት ተገነደሰ። የኢሕአዴግ ሠራዊት ግንቦት 20 አዲስ አበባ ሲገባ የአብዮት በዓል ሰልፎች ዘመን አበቃ። በ1999 ዓ.ም. ፍርድ ቤት መንግሥቱንና ሌሎች የደርግ ባለሥልጣናትን በዘር ማጥፋት ወንጀል ጥፋተኛ ብሏቸዋል፤ መንግሥቱ የተፈረደባቸው በሌሉበት ነው።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ

አደባባዩ መስቀል አደባባይ የሚለውን ስሙን መልሶ አገኘ። መስከረም 16 ቀን የደመራ በዓል በታላቅ ድምቀት ይከበርበታል፤ የመስቀል በዓልም እ.ኤ.አ. በ2013 በዩኔስኮ የማይዳሰስ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል። መንግሥታዊ ሰልፍ ግን ከአደባባዩ አልጠፋም። ግንቦት 20 ቀን በኢሕአዴግ ዘመን የመንግሥት በዓል ሆኖ ይከበርበት ነበር።

ሚያዝያ 29 እና 30 ቀን 1997 ዓ.ም. ከምርጫው በፊት ገዢው ፓርቲና ተቃዋሚዎች በተከታታይ ቀናት ደጋፊዎቻቸውን በዚሁ አደባባይ ሰበሰቡ። ሁለት ተፎካካሪ ወገኖች በአንድ ስፍራ በተራ ሰልፍ ማድረጋቸው በአደባባዩ ታሪክ ያልተለመደ ነበር።

በ2002 ዓ.ም. በአደባባዩ ጥግ፣ የቦሌ መንገድ በሚጀምርበት በኩል፣ የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ተከፈተ። በሙዚየሙ ውስጥ የሟቾች ፎቶግራፎች፣ ከጅምላ መቃብር የወጡ አጽሞችና አልባሳት ይታያሉ። ቀይ ፈሳሽ የፈሰሰበት አደባባይና የሟቾቹ ፎቶግራፎች የተሰቀሉበት ቤት ዛሬ በመንገድ ብቻ ተለያይተው ይገኛሉ። በ2013 ዓ.ም. አደባባዩ ከሥሩ የመኪና ማቆሚያ ተሠርቶለት በአዲስ መልክ ታድሷል።

ከሌሎች አገሮች ጋር ማነጻጸር

የአዲስ አበባው ትርዒት በ20ኛው ክፍለ ዘመን በብዙ አምባገነን መንግሥታት ከታየው ጋር ይመሳሰላል። በናዚ ጀርመን የኑረምበርግ ሰልፎች ከመጀመሪያው ለካሜራ የተዘጋጁ ነበሩ፤ ሌኒ ሪፈንሽታል እ.ኤ.አ. የ1934ቱን ሰልፍ በፊልም አስቀርታዋለች። የሮማኒያው መሪ ኒኮላይ ቻውሼስኩ እ.ኤ.አ. በ1971 ፒዮንግያንግን ከጎበኙ በኋላ የሰሜን ኮሪያን ዓይነት ትርዒት ወደ አገራቸው አስገብተዋል። የኢራኑ ሻህ በ1964 ዓ.ም. ጥቅምት ወር የፋርስን መንግሥት 2,500ኛ ዓመት በፐርሴፖሊስ ሲያከብሩ የጥንት ሠራዊት ልብስ የለበሱ ወታደሮችን አሰልፈው ነበር። ከእንግዶቹ አንዱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ነበሩ። ሦስት ዓመት ሳይሞላ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ፤ በ1971 ዓ.ም. ደግሞ ሻሁ አገር ለቀው ወጡ።

በእነዚህ ሁሉ ትርዒቶች የሚደገም አንድ ነገር አለ። ሰልፉ መሪው ሕዝቡን የሚያይበት መስኮት መስሎ ቢሠራም መሪው የሚያየው ራሱ ያዘዘውን ብቻ ነው። ሁሉም ሰው በትእዛዝ እየተሰለፈ ስለሚያልፍ የሚደግፈውንና የሚፈራውን መለየት አይቻልም። በአብዮት አደባባይ ለአሥራ ስድስት ዓመት ያህል ያለፈው ሕዝብ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ሥርዓቱን ለመከላከል አልወጣም።